ኢንጂነሩን አካፋ ከማስያዛችሁ በፊት

ግልጽ ደብዳቤ

ለ፦ በአዲስ አበባ ከተማ ለምትገኙ የወረዳ ጽሕፈት ቤቶችና የበጎ ፈቃድ ሥራ አስተባባሪዎች በሙሉ
ጉዳዩ፦ ጡረታ የወጡ መሐንዲሶችን ሥራ ከመጀመሩ በፊት እንድታማክሩ ስለመጠየቅ

ጤና ይስጥልኝ።

የምጽፍላችሁ የአንድ ሰፈር እድር ጸሐፊ ሆኜ ነው። እድራችን ትልቅ የሚባል አይደለም። ድንኳን፣ ወንበር፣ ብረት ድስትና አንድ ኢንጂነር አለን። ኢንጂነሩ በንብረት መዝገቡ ላይ አልሰፈሩም እንጂ ከድንኳኑ ባላነሰ አገልግለውናል።

ስማቸውን እንዳልጠቅስ አጥብቀው አዘውኛል። «ስሜን ከጻፍክ ከእድሩ እወጣለሁ» ነው ያሉት። በእኛ ሰፈር ከዚህ የከበደ ዛቻ የለም። ስለዚህ ሰፈሩ እንደሚጠራቸው ኢንጂነር እያልኩ እቀጥላለሁ። ዕድሜያቸው ሰባን አልፏል። በሕጉ መሠረት 60 ሲሞላቸው ጡረታ ወጡ። የቀረባቸው ግን ደመወዙ እንጂ ሥራው አይደለም።

ይህ የምስጋና ደብዳቤ አይደለም። ምስጋናውን እናንተም ሰጥታችኋቸዋል፤ የምስክር ወረቀቱ ሳሎናቸው ውስጥ ተሰቅሏል። ቅሬታ ነው ለማለትም ይከብደኛል። ልመና በሉት።

ነገሩ እንዲህ ነው። በየዓመቱ የክረምት በጎ ፈቃድ ሲጀመር ኢንጂነሩ ይጠራሉ። ቲሸርት ይሰጣቸዋል። አካፋ ይይዛሉ፣ ፎቶ ይነሳሉ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ አፈር ዛቅ ያደርጋሉ። ጉልበታቸው የአንድ ጎረምሳ ሩብ አይሆንም። ጭንቅላታቸው ውስጥ ያለውን ግን የሚጠይቃቸው የለም። እሳቸው የሚደርሱት የሚሠራው ተወስኖ፣ ዕቃው ተገዝቶ፣ ቦታው ተቆፍሮ ካለቀ በኋላ ነው። የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው፤ ቀደም ብላችሁ ጥሯቸው።

ማን እንደሆኑ በአጭሩ ልንገራችሁ። የተማሩት የአዲስ አበባው ዩኒቨርሲቲ ገና ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በሚባልበት ዘመን ነው። ያኔ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የሚባል ነገር ነበር። ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ከከተማ ወጥቶ ያገለግላል፤ አብዛኛው አስተማሪ ሆኖ ነበር የሚሄደው። እሳቸውም ሒሳብ ሲያስተምሩ ከረሙ። ትንሽ ቆይቶ በ1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት ዘመቻ መጣና ወደ 60 ሺህ የሚጠጋ ተማሪና መምህር ገጠር ወረደ። ስለ ዘመቻው ብዙ ይባላል፤ እዚያ ውስጥ አልገባም። ለማለት የፈለግኩት፣ ይህ ትውልድ ማገልገልን ከባነር ላይ አንብቦ አልተማረውም።

ከዚያ አውራ ጎዳና ተቀጠሩ። መሥሪያ ቤቱ በ1943 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ ስሙ ተቀያይሯል፤ ሽማግሌዎቹ ግን ዛሬም አውራ ጎዳና ነው የሚሉት። ኢንጂነሩ ረጅሙን ዘመናቸውን ያሳለፉት ገደል ለገደል ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን ዓባይ በረሃን ያቋረጠ ሰው መንገዱን ያውቀዋል። ከደጋው ተነስቶ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል፤ ድልድዩን ተሻግሮ እንደገና ሽቅብ ይወጣል። መሬቱ ተንሸራታች ነው። ዛሬ የተስተካከለው አስፋልት ነገ ሰምጦ ይገኛል። እዚያ የሠራ መሐንዲስ፣ መንገድ የሚያፈርሰው የጭነት መኪና ብቻ እንዳልሆነ ይማራል። ዋናው ጠላት ከሥር የገባ ውሃ ነው።

ይህ ነገር ጡረታ ሲወጡም አልለቀቃቸውም። ሰፈር ውስጥ ሲሄዱ ሰላምታ እንኳ ይረሳሉ። ዓይናቸው ውሃው ከየት መጥቶ ወዴት እንደሚሄድ ነው የሚፈልገው። ዝናብ ሲጥል ሰው ቤቱ ይገባል፤ እሳቸው ጃንጥላ ይዘው ይወጣሉ። «ችግሩ የሚታየው አሁን ነው» ይላሉ። መጀመሪያ ላይ ሰውዬው ጤነኛ ናቸው ወይ ያለ ነበር። አሁን ግን ዝናብ ሲጀምር ልጆች ቤታቸው ድረስ ሄደው «ኢንጂነር፣ እንሂድ?» ይሏቸዋል።

አሁን ወደ እማማ ቤት ልውሰዳችሁ።

እማማ ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ናቸው። ቤታቸው የጭቃ ቤት ነው፤ እሱም አርጅቷል። በአንድ ክረምት ለቤት እድሳት ተመረጡ። ቆርቆሮው ተቀየረ፣ ግድግዳው ተመረገ፣ ተለሰነ፣ ቀለም ተቀባ። በሩ ላይ ሪባን ተቆረጠ። እማማ አለቀሱ፤ እኛም አለቀስን። ልጆቹ ከልባቸው ነበር የሠሩት፤ ይህን የሚክድ የለም።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ኢንጂነሩ እዚያ ቤት ቡና ተጠሩ። ቡናው እስኪፈላ ዝም ብለው የሚቀመጡ ሰው አይደሉም። ወደ ጓሮ ዞሩ፣ ከኪሳቸው ካቻቢቴ አወጡ፣ የአንዱን ቋሚ እግር ጫን አደረጉት። ብረቱ እስከ እጀታው ድረስ ገባ። ድምፅ እንኳ አላሰማም። እንጨቱ ውስጥ ውስጡን አልቋል። ቤቱን ቀጥ አድርጎ የያዘው ልስኑና የእግዜር ቸርነት ነበር።

ምክንያቱ የተሰወረ አልነበረም። ከቤቱ ጀርባ ያለው መሬት ከቤቱ ወለል ከፍ ይላል። መንገዱ በተደለደለ ቁጥር፣ አፈር በተደፋ ቁጥር ውጪው ከፍ፣ ቤቱ ዝቅ እያለ መጥቷል። በክረምት ውሃው ግድግዳው ሥር ይተኛል። እርጥብ እንጨት ይበሰብሳል፣ ምስጥም ይወደዋል። አዲሱ ቆርቆሮ ደግሞ ከግድግዳው ያለፈው አንድ ስንዝር ቢሆን ነው። ቆርቆሮ ለመቆጠብ ታስቦ ይመስለኛል። ስለዚህ ከጣራው የሚወርደው ውሃ ግድግዳውን እየታከከ ያንኑ የታመመ እግር ላይ ያርፋል።

«አንተ ኢንጂነር፣ ቤቴን ልታፈርሰው ነው እንዴ?» አሉ እማማ። በዕድሜ ስለሚበልጧቸው አንተ ነው የሚሏቸው።

«አይ እማማ፣ እግሩን ልናክመው ነው።»

ከዚያ በኋላ የተሠራው ሥራ ለፎቶ የሚሆን አይደለም። የእድሩ ወጣቶች ከጀርባ ያለውን አፈር ዝቅ አድርገው ወደ ጎርፍ መውረጃው ዲች የሚወስድ ጠባብ ቦይ አወጡ። የበሰበሱትን ቋሚዎች በድጋፍ ይዘው እግር እግራቸውን ቆረጡና፣ እንጨቱ መሬት እንዳይነካ በድንጋይና በሲሚንቶ መሠረት ላይ አቆሟቸው። ጣራው ላይ አሸንዳ ጨመሩ። ኢንጂነሩ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ይመራሉ፣ አልፎ አልፎም ይቆጣሉ። ወጪው ያን ያህል አልነበረም። ያንገበገበን ገና ያልተጠገበው አዲስ ልስን መፍረሱ ነው። ቤቱ ሲመረጥ አንድ የሚያውቅ ሰው ካቻቢቴ ይዞ ቢመጣ ኖሮ ነገሩ በግማሽ ሰዓት ይታወቅ ነበር። ካቻቢቴውም ሰውዬውም ደግሞ ሰፈር ውስጥ ነበሩ።

ስለ ወቅቱም አንድ ነገር ላንሳ። ኢንጂነሩን እንደዚህ የሚያበግናቸው ነገር የለም። የጭቃ ቤት በሐምሌ አይመረግም። ጉልበቱ በክረምት የሚገኘው ተማሪው ዕረፍት ላይ ስለሆነ መሆኑ ይገባኛል። ጭቃው ግን ዕረፍት መሆኑን አያውቅም። የመጀመሪያው ምርጊት ደርቆ፣ ተሰነጣጥቆ ካልጨረሰ ሁለተኛው አይደረብበትም። ለዚህ ደግሞ ፀሐይ ያስፈልጋል፣ ሳምንታትም ያስፈልጋሉ። በሐምሌ ተመርጎ በነሐሴ ቀለም የተቀባ ግድግዳ እርጥበቱን ውስጡ ይዞ ይቀራል። ለመስቀል ሂዱና እዩት፤ ቀለሙ ተልጦ ታገኙታላችሁ። በዚያ ላይ በክረምት ጣራ የተከፈተበት ሰው አንድ ሌሊት ዶፍ ከወረደበት ፍራሹም ጤናውም አብሮ ይሄዳል።

የበጋ በጎ ፈቃድ የሚባል ፕሮግራም አላችሁ። መሠረቱን፣ ግድግዳውንና ጣራውን ከኅዳር እስከ የካቲት ጨርሱት። ቅዳሜና እሁድ ይበቃል። ክረምቱን ለዲች ጠረጋ፣ ለቤት ውስጥ ሥራና ልጆችን ለማስጠናት አውሉት። ይህን ለመወሰን ተጨማሪ በጀት አያስፈልግም። ካላንደር ላይ ማዛወር ብቻ ነው።

የቱቦ ክዳኑን ነገር ሳልነግራችሁ ባልፍ ይቆጨኛል። ሰፈራችን ውስጥ የነበሩት የብረት ክዳኖች አንድ ባንድ ጠፉ። ወዴት እንደሄዱ ቁራሌው ያውቃል። ጉድጓዱ ክፍቱን ሲቀር ማታ ማታ ሰው እግሩን መስበር ጀመረ። ወጣቶቹ ገንዘብ አዋጡና በአርማታ ክዳን ሠሩ። ጎበዞች ናቸው። አንድ ወር ሳይሞላው ግን ሁለቱ ከመሃል ተሰበሩ፤ አንዱ እንዲያውም የጋሪ ጎማ ብቻ ነው ያለፈበት።

ኢንጂነሩ ስብርባሪውን አገላብጠው አዩትና ሳቁ። ከዚያ ከቤታቸው የአሮጌ ፍራሽ ስፖንጅ አመጡ። ጎኑ ላይ በእስክሪብቶ ከላይ እስከ ታች መስመሮች አሰመሩ። ሁለቱን ጫፍ ድንጋይ ላይ አስቀምጠው መሃሉን በእጃቸው ተጫኑት። መስመሮቹ ከላይ ተጠጋጉ፣ ከታች ተራራቁ። «አያችሁ? አርማታ ሲጨፈለቅ አንበሳ ነው፤ ሲለጠጥ ግን አቅም የለውም። የሚለጠጠው ታችኛው ነው። ፌሮው መኖር ያለበት እዚያ ነው።» ልጆቹ ፌሮውን በትክክል አስገብተውት ነበር። ክዳኑን ቦታው ላይ ሲያስቀምጡት ነው የገለበጡት። ፌሮው ከላይ ሆነ ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ እኛ ሰፈር የሚሠራ ክዳን ሁሉ አርማታው ሳይደርቅ በምስማር ቀስት ይሣልበታል። ቀስቱ ወደ ሰማይ ካየ በትክክል ተቀምጧል። አሸዋና ጠጠሩም በአካፋ ግምት አይደለም የሚለካው። 50 በ40 በ20 ሴንቲሜትር የሆነ የእንጨት ሣጥን አሠርተውላቸዋል፤ ለአንድ ከረጢት ሲሚንቶ ስንት ሣጥን አሸዋ፣ ስንት ሣጥን ጠጠር እንደሚገባ ሕፃኑ ሁሉ ያውቃል። ውሃ ሲበዛ ይጮሃሉ። ከተሞላ በኋላ ደግሞ እርጥብ ጆንያ አልብሰው ሰባት ቀን ጠዋትና ማታ ውሃ ያጠጡታል። «ኢንጂነሩ ድንጋይ ተክለው እያጠጡ ነው» እየተባለ ተቀልዷል። ክዳኑ ግን እስካሁን አለ።

አሁን ወደሚከብደው ልምጣ። የትኛው መሥሪያ ቤት እንደሆነ አልናገርም፤ ዓላማዬ ማንንም ማሳጣት አይደለም።

ሰፈራችን ውስጥ አዲስ ዲች ሲሠራ ደስ አለን። ኢንጂነሩ ቁፋሮው እንደተጀመረ ሄደው አዩ። የሆነ ነገር ዓይናቸው አልወደደውም። ቀጭን ነጭ የላስቲክ ቱቦ ውሃ ሞልተው ከሁለት ልጆች ጋር ሄዱ። ዘዴው ቀላል ነው። ቱቦው ውስጥ አየር ከሌለ ውሃው በሁለቱም ጫፍ እኩል ከፍታ ላይ ይቆማል፤ ስለዚህ የሁለት ቦታ ከፍታ ያለ ምንም መሣሪያ ይነጻጸራል። ለኩ። ደግመው ለኩ። የዲቹ መውጫ ከመግቢያው በአራት ጣት ከፍ ይላል። ውሃው ይሄዳል የተባለው ወደ ላይ ነው።

በማግሥቱ ኮታቸውን ለብሰው፣ ደብተራቸውን ይዘው ወደሚመለከተው ክፍል ሄዱ።

«ከየትኛው መሥሪያ ቤት ነው የመጡት?» አላቸው በሩ ላይ ያለው።

«ከቤቴ።»

«ደብዳቤ ይዘዋል?»

አልያዙም። እንደምንም ገቡ። ሥራው በፕላኑ መሠረት እየተካሄደ እንደሆነ ተነገራቸው። ፕላኑን ልየው አሉ። ለውጭ ሰው አይሰጥም ተባሉ። ተመለሱ። ዲቹ አለቀ፣ ተመረቀ። ሐምሌ ገባ። ውሃው ተጠራቅሞ ወደ ኋላ ተመለሰና ከታች ያሉት ቤቶች ውስጥ ገባ። በሚቀጥለው ዓመት ተቆፍሮ እንደገና ተሠራ። የመጀመሪያው ወጪ የመንግሥት ነው፣ ሁለተኛውም የመንግሥት ነው። ግብር ከፋዩ ግን ያው አንድ ሰው ነው።

የክፍሉን ወጣት መሐንዲስ ልወቅሰው አልፈልግም። በኋላ አገኘሁት። በአንድ ጊዜ የሚከታተለው ሳይት ብዙ ነው። መኪና የለውም። ግማሽ ቀኑ በስብሰባ ያልቃል። ሌላው ግማሽ ሪፖርት ነው። አሁን ከኢንጂነሩ ጋር ተዋውቀዋል፤ ግራ ሲገባው ይደውልላቸዋል። እሳቸውም ከእሱ ይማራሉ። ኮምፒውተር ላይ ያለውን ዲዛይን ሲያሳያቸው «እኛ በእርሳስ ሳምንት የፈጀብንን ይኼ ልጅ በደቂቃ ይጨርሰዋል» እያሉ ይደነቃሉ። ግን ይህ ሁሉ በሁለት ሰዎች ትውውቅ ላይ የቆመ ነገር ነው። ልጁ ነገ ሌላ ወረዳ ቢዛወር ኢንጂነሩ ተመልሰው በሩ ላይ «ከቤቴ» ሊሉ ነው።

ኢንጂነሩ ሁሉን አወቅ አይደሉም፤ ይህንንም ራሳቸው ናቸው የሚናገሩት። የኤሌክትሪክ ነገር ሲመጣ መብራት ኃይል የሠሩትን ወዳጃቸውን ይጠራሉ። እኚያኛው ደግሞ የእማማን ግቢ ሲያዩ መጀመሪያ የጠየቁት ስለ ምጣድ ነበር። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ወደ 3.5 ኪሎ ዋት ይስባል። በ220 ቮልት ሲሰላ 16 አምፔር ገደማ ነው። ግቢው ውስጥ ግን በአንድ ቆጣሪ፣ ለአምፖል በተዘረጋ ቀጭን ሽቦ ሁለት ምጣድ ይጣዳል። ሽቦው በአዲሱ ኮርኒስ ላይ ነበር ያለፈው። በእጅ ሲነካ ይሞቃል። ቤት ሲታደስ ቀለም ይታያል፣ ሽቦ አይታይም። ከዚያ ወዲህ የግቢው ሴቶች በተራ ይጋግራሉ፤ ሽቦውም ተቀይሯል።

ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ የሆነውን አትረሱትም። መሬት ተንሸራቶ ቤቶች ተቀበሩ። ጎረቤት የተቀበሩትን ሊያወጣ ሮጦ ደረሰ። በእጁ ሲቆፍር ሌላ ናዳ መጣና ሊረዱ የመጡትን ደረበባቸው። ከ200 በላይ ሰው ሞተ። መሐንዲስ ቢኖር ኖሮ ብዬ ለመናገር አልደፍርም። ሰው ወገኑ አፈር ሥር እያለ ቆሞ አያሰላም፤ እነዚያ ሰዎች ያደረጉትን ማንም ኢትዮጵያዊ ያደርገው ነበር። ኢንጂነሩ ያን ቀን ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጠው አመሹ፤ ራትም አልበሉ። ዓባይ በረሃ ላይ ያዩት ነገር ሳይመጣባቸው አልቀረም።

በማግሥቱ ልጆቹን ሰበሰቡና ወንዙ ዳር ወዳለው ተዳፋት ወሰዷቸው። እዚያ ጠርዝ ላይ ቤቶች አሉ። መሬቱ ላይ የተሰነጠቀ ነገር ፈለጉ፤ አገኙም። ከስንጥቁ ወዲህና ወዲያ አንዳንድ ካስማ ተከሉ። በሁለቱ ካስማዎች መካከል ያለውን ርቀት በሜትር ለክተው ደብተር ላይ ጻፉ። በየሳምንቱ፣ ዝናብ ሲበረታ ደግሞ በየቀኑ ይለካል። ከሰፋ፣ በር አልዘጋ ካለ፣ ካልነበረበት ቦታ ምንጭ ከፈለቀ፣ ወይ ዛፍና ምሰሶ ካዘነበለ ሰው ዕቃውን ትቶ ይወጣል። ለመርዳት የሚመጣ ሰው ደግሞ ከላይ ያለውን ተዳፋት የሚያይ ጠባቂ ሳያቆም አይገባም። ይህን አሁን አሥራ አምስት ዓመት ያልሞላቸው ልጆች ያውቁታል። ደብተሩ እድሩ ጋ አለ፤ ስትፈልጉ መጥታችሁ እዩት።

መልሳችሁን እገምታለሁ። «ጡረተኛው ተሳስቶ ጉዳት ቢደርስ ማን ይጠየቃል?» ትላላችሁ። ተገቢ ጥያቄ ነው። እኛ ፈርሙ አላልንም። ውሳኔውም ፊርማውም የእናንተ ባለሙያ ይሁን። ጡረተኛው ይይ፣ ይለካ፣ ሐሳቡን በአንድ ገጽ ጽፎ ይስጥ። ባለሙያው ቢቀበለው ይቀበለው፣ ካልተቀበለው ለምን እንዳልተቀበለ ከሥሩ ሁለት መስመር ይጻፍ። እንዲያውም እናንተንም የሚጠብቃችሁ ይኼ ወረቀት ነው። «የሕግ ሽፋኑ የት አለ?» ካላችሁ ደግሞ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 በጎ ፈቃደኝነት እንዲስፋፋ ይፈልጋል። ሕጉ አልከለከላችሁም።

ሌላም ነገር አለ፤ ይሄኛውን ኢንጂነሩ አያነሱትም፣ እኔ ነኝ የማነሳው። በጎ ፈቃድ ማለት በነፃ ማለት ነው ብላችሁ ሰውን ከኪሱ አታስወጡት። የጡረታ አበል ምን እንደሚገዛ ገበያ የወጣ ያውቃል፤ በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህማ ባይወራ ይሻላል። ሁሉም ጡረተኛ ጊዜና ጤና ተርፎት የተቀመጠ አይደለም። ብዙዎቹ ሌላ ሥራ ይፈልጋሉ፣ የልጅ ልጅ ያሳድጋሉ። ለትራንስፖርት፣ ለስልክ ካርድና ለአንድ ሻይ የሚሆን መድቡላቸው። ለባነር ከሚወጣው ላይ ቢቀነስ የሚጎዳ የለም። ባነሩን ደግሞ በኋላ ማን እንደሚወስደው እናውቃለን፤ የጉልት ሻጮቻችን ጥላ ይሆናል፣ ተመስገን።

በየሰፈሩ እንደ እሳቸው ያለ ሰው አለ። ውሃና ፍሳሽ የሠራ፣ ቴሌ የሠራ፣ ባቡር የሠራ፣ ሕንፃ ኮሌጅ ያስተማረ። ብዙዎቹ ራሳቸውን አያስተዋውቁም። አንዳንዱ ሰፈሩ ፈርሶ ኮንዶሚኒየም ገብቷል፤ እዚያ ማን እንደሆነ እንኳ የሚያውቅ የለም። ዝርዝር የምታገኙት ከእድር ነው። እድር የአባሉን የሥራ ታሪክ ያውቃል፤ ለቅሶ ላይ ይነበባላ። እኛ የምንለው ሰውየው በሕይወት እያለ ይነበብ ነው።

እንግዲህ ከእናንተ የምንጠብቀውን ላስቀምጥ። ለመጪው ዓመት የሚታደሱት ቤቶች ሲመረጡ ዝርዝሩን ከማጽደቃችሁ በፊት ለእድራችን ላኩልን። ኢንጂነሩና ወዳጆቻቸው ቤት ለቤት ሄደው ቋሚውን፣ ጣራውን፣ ውሃ መውጫውንና ሽቦውን አይተው በጽሑፍ ይሰጧችኋል። ዲች ወይም የኮብልስቶን መንገድ ሲታሰብ ፕላኑን እናንተው ቢሮ ውስጥ ቁጭ ብለው እንዲያዩት ፍቀዱላቸው፤ ኮፒ አንፈልግም። ርክክብ ላይም ይጠሩ። ርክክቡ ደግሞ ውሃ በቦቴ አምጥታችሁ ዲቹ ውስጥ ለቃችሁ ይሁን። ይሄዳል ወይስ ይቆማል? ሌላው ምርመራ በኋላ ይደርሳል። አንድ ማኅተም ያለበት የትብብር ደብዳቤም ስጧቸው፤ በር ላይ የሚያሳዩት።

ሌላ ወረዳ ያላችሁም ይህን ካነበባችሁ ከእኛ አትጠብቁ። የራሳችሁን እድሮች ጠይቁ።

የኢንጂነሩን ስልክ እዚህ መጻፍ ስለማልችል በእድሩ በኩል ታገኟቸዋላችሁ። እሁድ ከሰዓት በኋላ ድንኳን ማስቀመጫው ጋ አንጠፋም። ስትደውሉላቸው ግን ከምሳ በኋላ አረፍ ስለሚሉ ከአሥር ሰዓት ወዲያ ይሁን። ዝናብ እየጣለ ከሆነ ደግሞ ስልኩን አያነሱትም፤ ውጪ ናቸው።

ከሰላምታ ጋር
የእድሩ ጸሐፊ